በአንቲቦዲ መከተብ ይቻላል? ከፉሪ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂዋ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ናቸው። የሚሠሩት በአዲስ አበባ ዳር፣ ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር አልፎ ፉሪ አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይማራሉ። ጥያቄያቸውን ባጭሩ ላስቀምጠው፦

«ክሊኒካችን ውሻ ነክሶት የሚመጣ ሰው አያጣም። ሰሞኑን ፀረ ኢዲዮታይፕ አንቲቦዲ ስለሚባል ነገር አነበብኩ። ቫይረሱን ሳይነኩ በአንቲቦዲ ብቻ ክትባት መሥራት ይቻላል ይላል። በ1986 ቺምፓንዚዎችን ከጉበት ቫይረስ አድኗል ይላል። እውነት ከሆነ ታዲያ ክትባቱ የታለ? ለእብድ ውሻ በሽታ እዚህ አገር ቢሞከርስ? ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆነኛል? ደግሞስ ኢሚውኖግሎቡሊን እንደልብ አይገኝም፤ እሱን ሊተካ አይችልም?»

ጥያቄው ደስ ይላል። ከመጨረሻው ልነሳ፤ ሰው ሊጎዳበት የሚችለው እሱ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አይተካም። ኢሚውኖግሎቡሊን ከተከተበ ሰው ወይም ፈረስ ደም የተወሰደ፣ ተሠርቶ ያለቀ አንቲቦዲ፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካል፣ ነው። ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። እዚያው ወዲያው ሥራ ይጀምራል፤ ከሳምንታት በኋላ ከሰውነት ይጠፋል። ክትባት ግን ሰውነት ራሱ አንቲቦዲ እንዲሠራ ነው የሚያደርገው። ለዚያ ደግሞ ሳምንት፣ አሥር ቀን ያስፈልገዋል። ኢሚውኖግሎቡሊን የሚሰጠው ይህቺን ክፍተት ለመሸፈን ነው። ፀረ ኢዲዮታይፕ አንቲቦዲ ስሙ አንቲቦዲ ይሁን እንጂ ሥራው የክትባት ነው። ቫይረሱን አይዝም። የሚይዘው ቫይረሱን የሚይዘውን አንቲቦዲ ነው። እንዲያውም ለተነከሰ ሰው ከኢሚውኖግሎቡሊን ጋር አብሮ ቢሰጥ፣ ያንን ተሠርቶ ያለቀውን አንቲቦዲ ራሱን ይዞ ሥራ ሊያስፈታው ይችላል። በችግር ጊዜ የተላከ ረዳትን መንገድ ላይ እንደማስቀረት ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ክሊኒካችሁ ለሚመጣ ሰው የሚደረገው ያው የምታውቁት ነው። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። ይህን «ቆይ ሪፈር እንጻፍ» ተብሎ የሚዘለል ነገር አታድርጉት። አዲስ አበባ ዳር ላይ ከተማው ሲሰፋ ግንባታውም፣ የሌሊት ጥበቃውም፣ ውሻውም አብሮ ይሰፋል። የተነከሰው ሰው ወደ ትልቅ ሆስፒታል እስኪደርስ ታክሲ ይጠብቃል፣ መንገድ ይዘጋጋበታል። ቁስሉ ግን እናንተ ጋ፣ እዚያው ቧንቧ ስር መታጠብ ይችላል። ክትባቱ በተቻለ ፍጥነት ይጀመራል። ቆዳው ተበስቶ ከደማ ወይም የውሻው ምራቅ ክፍት ቁስል ወይም ዓይንና አፍ ከነካ ኢሚውኖግሎቡሊን ይጨመራል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

አንቲቦዲ ጫፉ ላይ ባለው ቅርጽ ነው ጠላቱን የሚይዘው። ሰውነታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዓይነት አንቲቦዲዎች አሉ። የአንዱ ጫፍ ከሌላው ይለያል። ያ የእያንዳንዱ የብቻው የሆነ ጫፍና ዙሪያው ኢዲዮታይፕ ይባላል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ዣክ ኡዳን በጥንቸሎች ላይ ሲሠራ ያየው ነገር አለ። አንዱ ጥንቸል የሠራውን አንቲቦዲ ሌላ ጥንቸል ላይ ሲወጉት፣ ሁለተኛው ጥንቸል ያንን ጫፍ እንደ እንግዳ ቆጥሮ አንቲቦዲ ይሠራበታል። ይህ አንቲቦዲን የሚይዝ አንቲቦዲ ነው እንግዲህ ፀረ ኢዲዮታይፕ የሚባለው።

ከዚህ ተነስቶ ትልቁን እርምጃ የሄደው ዴንማርካዊው ኒልስ ጄርን ነው። በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ የመከላከያ ሥርዓታችን እርስ በርሱ የሚተያይ መረብ ነው አለ። አንደኛው አንቲቦዲ ቫይረሱን ይይዛል። ሁለተኛው አንደኛውን ይይዛል። ሁለተኛው የአንደኛውን ጫፍ በትክክል ከገጠመ ደግሞ ቅርጹ ቫይረሱን ይመስላል ማለት ነው። ጄርን ይህን «ውስጣዊ ምስል» አለው። በ1984 ከጆርጅ ኮህለርና ከሴዛር ሚልስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። እነዚያ ሁለቱ ደግሞ በ1975 አንድ ወጥ አንቲቦዲ በላቦራቶሪ እንደልብ የሚመረትበትን መንገድ ያገኙ ናቸው። ያለ እነሱ ዘዴ የጄርን ሐሳብ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ሌባ የሰው ቤት ቁልፍ ለማስቀረጽ ሲፈልግ ቁልፉን ለአፍታ ይቀበልና ሳሙና ላይ ይጫነዋል። ቁልፉን ይመልሳል። ከሳሙናው ላይ ካለው ጉድጓድ ተነስቶ ሌላ ቁልፍ ያስወጣል። አዲሱ ቁልፍ ዋናውን አይቶ አያውቅም፤ በሩን ግን ይከፍታል። ቫይረሱ ላይ ያለችው ጉብታ ቁልፏ ናት። አንደኛው አንቲቦዲ ሳሙናው ነው። ሁለተኛው አንቲቦዲ ከሳሙናው የወጣው አዲስ ቁልፍ ነው። ይህን አዲስ ቁልፍ ለሌላ እንስሳ ከወጋነው፣ እንስሳው ሦስተኛ አንቲቦዲ ይሠራል። ሦስተኛው እንደ አንደኛው ሆኖ ቫይረሱን ይይዛል። እንስሳው ግን ቫይረስ የሚባል ነገር አጠገቡ ደርሶ አያውቅም።

የሐሳቡ ውበት እዚህ ላይ ነው። ገዳይ ቫይረስ በብዛት ማሳደግ የለም። ቫይረሱ በደንብ አልሞተ ይሆን ብሎ መስጋት የለም። አልፍሬድ ኒሶኖፍና ኤድሞንዶ ላሞዪ በ1981 «እንግዲያው ለክትባት እንጠቀምበት» ብለው ሲያቀርቡት ብዙ ላቦራቶሪ የተረባረበበት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድመው ልብ ይበሉ። ሁሉም ሁለተኛ አንቲቦዲ ቁልፍ አይሆንም። አንዳንዱ የአንደኛውን ጎን ይይዛል እንጂ ጫፉን አይነካም፤ አልፋ ይባላል። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ይቀመጥና ቫይረሱን ይከለክላል፤ ቅርጹ ግን ቫይረሱን አይመስልም፤ እሱ ጋማ ነው። የቫይረሱን ቅርጽ የሚይዘው ቤታ ብቻ ነው። ቤታ ደግሞ ብርቅ ነው። በ1990 እና በ1995 የአንቲቦዲዎችን ቅርጽ በክሪስታል ያጠኑ ሁለት ሥራዎች ይህን ቁልጭ አድርገው አሳይተዋል። ሁለቱም የተሠሩት ሊሶዛይም የሚባለውን የእንቁላል ፕሮቲን በሚይዝ በአንድ አንቲቦዲ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሁለተኛው አንቲቦዲ ጫፉን ይዞታል፤ ሊሶዛይሙን ግን እምብዛም አይመስልም። በሌላኛው ሊሶዛይሙ የሚነካቸውን ቦታዎች በአብዛኛው በዚያው መንገድ ነክቷል። ያው አንደኛ አንቲቦዲ፣ ሁለት የተለያዩ ሁለተኞች፣ ሁለት የተለያየ ውጤት። ይህን ያየ ሰው «ፀረ ኢዲዮታይፕ ሠራሁ» ሲባል «የትኛውን?» ብሎ ይጠይቃል።

እርስዎ ስለያዙት የእብድ ውሻ በሽታ የተሠራው ሥራ የ1983 ነው። የተሠራው ፊላደልፊያ በሚገኘው ዊስታር ተቋም ሲሆን ሂላሪ ኮፕሮውስኪና ታዴዎስ ዊክተር ከደራሲዎቹ መካከል ናቸው። በአይጥ የተሠሩ፣ የቫይረሱን የላይ ፕሮቲን የሚይዙ አንቲቦዲዎችን ወሰዱ። እነሱን ጥንቸል ላይ ወግተው ሁለተኛ አንቲቦዲ አወጡ። ከነዚያ አንዳንዶቹን አይጦች ላይ ሲወጉ አይጦቹ ቫይረሱን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ ሠሩ። ሁሉም አልሠሩም፤ አንዳንዶቹ ናቸው። ግን ሠርቷል። ስለዚህ ያነበቡት ተረት አይደለም።

የፖሊዮም አለ፤ በ1985 ከኔዘርላንድ የወጣ። ከሁሉም ስሙ የገነነው ግን የጉበት ቫይረስ ቢ ነው። ሮናልድ ኬኔዲና ጎርደን ድሪስማን ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ የሠሩት ነው። እነሱ ያገኙት ነገር ለእኔ ዛሬም ይደንቀኛል። ከተለያዩ ሰዎች የተወሰደ የጉበት ቫይረስ አንቲቦዲ የጋራ ኢዲዮታይፕ ነበረው። አልፎም በሌሎች እንስሳት ላይ የተሠራው አንቲቦዲ ያንኑ ይጋራ ነበር። በዚህ ላይ የተሠራውን የጥንቸል ሁለተኛ አንቲቦዲ ለቺምፓንዚዎች ሰጡ። ከዚያ ሕይወት ያለው ቫይረስ ሰጧቸው። የተከተቡት አልታመሙም። ያልተከተቡት ተያዙ። በ1986 ታተመ።

እንግዲህ «ክትባቱ የታለ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። ለእኔ ትልቁ መልስ ያችው 1986 ራሷ ናት። በዚያው ዓመት በእርሾ ውስጥ በጄኔቲክ ምህንድስና የተሠራው የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ከዚያ በፊት የነበረው ክትባት ከታመሙ ሰዎች ደም የሚጣራ ነበር። የኤድስ ፍርሃት በተስፋፋበት ዘመን ሰው ከደም የተሠራ ነገር አይወድም። ፀረ ኢዲዮታይፕ ያኔ ተስፋ የተጣለበትም ስለዚህ ነበር፦ ደምም የለ፣ ቫይረስም የለ። እርሾው መጣና ያንኑ አደረገ። ደም የለውም። ሙሉ ቫይረስ የለውም። የቫይረሱን እውነተኛ ፕሮቲን ግን ይሰጣል። እውነተኛው ቁልፍ በርካሽ ሲገኝ ከሳሙና የተቀረጸውን ማን ይፈልጋል?

የእብድ ውሻውም ታሪክ እንደዚያው ነው። ዊክተርና ኮፕሮውስኪ ፀረ ኢዲዮታይፑን ሲሞክሩ በሌላ እጃቸው የሰው ሕዋስ ላይ የሚያድገውን የእብድ ውሻ ክትባት ለፍሬ ያበቁ ሰዎች ናቸው። ያ ክትባት አሜሪካ ውስጥ በ1980 ፈቃድ አግኝቷል። በእኛ አገር ለረጅም ዘመን የምናውቀው ከእንስሳ አንጎል የሚሠራውን፣ ሆድ ላይ ተደጋግሞ የሚወጋውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የዚያ ዓይነት ክትባት እንዲቀር ከ1984 ጀምሮ ሲመክር ቆይቷል። የአንጎሉን ክትባት ከገበያ ያስወጣው በሕዋስ ላይ የሚያድገው ነው። ፀረ ኢዲዮታይፕ ወደዚያ ውድድር አልገባም።

ይህን የምለው ሐሳቡ መጥፎ ነበር ለማለት አይደለም። በሌላ መንገድ ተቀደመ። የሕፃናት መከተቢያ ክፍል ገብተው ፔንታቫሌንቱን ይዩ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ጭን ላይ የሚወጋው ማለቴ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ይሰጣል። በውስጡ ካሉት አምስት ነገሮች አንዱ የጉበት ቫይረስ ቢ ነው። ሌላው ሂብ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሂብን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ሽፋናቸው ስኳር ነው፤ የሕፃናት ሰውነት ደግሞ ለብቻው ስኳር ሲሰጠው እምብዛም አይነቃም። በ1980ዎቹ ለዚህም ፀረ ኢዲዮታይፕ ታስቦ ነበር፤ የስኳሩን ቅርጽ የያዘ ፕሮቲን ሕፃኑን ያነቃዋል በሚል። በዚያ በኩል ደግሞ ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ማጣበቅ ተቻለና ቀደመው። በአንዲት መርፌ ውስጥ ፀረ ኢዲዮታይፕ የተመኛቸው ሁለት ድሎች በሌላ ዘዴ ተገኝተው ተቀምጠዋል።

ግን ተፎካካሪ ብቻ አይደለም ያስቀረው። የራሱ ሕመምም አለበት። ሦስቱን ላንሳ፤ ለፕሮፖዛልዎ የሚፈትኑዎት እነሱ ናቸው።

ትልቁ የቲ ሕዋስ ጉዳይ ነው። ቢ ሕዋስ፣ ማለትም አንቲቦዲ የሚሠራው የደም ሕዋስ፣ ቅርጽ ያያል። ቁልፉ ከመዳብ ይሁን ከብረት ግድ የለውም። እሱን የሚረዳውና በቫይረስ የተያዘን ሕዋስ የሚገድለው ቲ ሕዋስ ግን ቅርጽ አያይም። ፕሮቲኑ ተፈጭቶ፣ ቁራጩ ተነጥሎ ነው የሚቀርብለት። ስለዚህ የሚያነበው ፕሮቲኑ የተገነባባቸውን የአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ነው። የሁለተኛው አንቲቦዲ ቅርጽ ቫይረሱን ይምሰል እንጂ የተሠራበት ቅደም ተከተል የአንቲቦዲ ነው። በዚህ የተከተበ ሰው አንቲቦዲ ይኖረዋል። ቫይረሱን የሚያውቅ ረዳት ቲ ሕዋስ ግን የለውም። እውነተኛው ቫይረስ የመጣ ቀን የሚረዳ ትዝታ ጎደለ ማለት ነው። በቫይረስ የተያዘ ሕዋስን የሚገድለው ቲ ሕዋስም አይዘጋጅም። ለእኔ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ቴክኒኩን በማሻሻል አይወገድም። ከሐሳቡ ራሱ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው አንድ ወጥ አንቲቦዲ የቫይረሱን አንዲት ነጥብ ብቻ መምሰሉ ነው። ቫይረሱ ያቺን ነጥብ ከቀየረ ሁሉ ነገር ፉርሽ ይሆናል። በዚያ ላይ የተለመደው የአይጥ አንቲቦዲ ሰው ላይ ሲሰጥ ሰውነት በአይጥነቱ ይቆጣበታል። ኃይሉን የሚያባክነው በማያስፈልገው ጎን ላይ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ አደጋ ነው። በዚሁ የኬኔዲ ቡድን በ1984 በሄርፒስ ላይ የተሠራ ሥራ አለ። ሄርፒስ ሰው ከንፈሩ ላይ ሲወጣበት «ምች መታኝ» የሚለው ነው። አይጦች ፀረ ኢዲዮታይፕ ተሰጥቷቸው ከዚያ ቫይረሱ ሲሰጣቸው ሕመሙ ባሰባቸው። ለምን? ፀረ ኢዲዮታይፕ መረቡን ማነቃቃትም ማፈንም ይችላል። መጠኑ፣ የአንቲቦዲው ዓይነት፣ ከምን ጋር ተቀላቅሎ እንደተሰጠ፣ ሁሉም ይወስናል። ይህ የእብድ ውሻ በሽታን ለሚያህል ገዳይ ነገር ቀልድ አይደለም። ሰው ላይ ልንሞክረው ስናስብ «ባይጠቅም አይጎዳም» የሚባልበት ዓይነት አይደለም።

በካንሰር በኩል መንገዱ ትንሽ ገፍቷል። ራኮቱሞማብ የሚባል ፀረ ኢዲዮታይፕ በ2013 ኩባና አርጀንቲና ውስጥ ለሳንባ ካንሰር ተመዝግቧል። ሌሎች ግን በትልልቅ የሰው ላይ ሙከራዎች ወድቀዋል። ለቫይረስ እስካሁን በሰው ላይ አገልግሎት የተፈቀደ የለም። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ስሙ በሌላ በኩል ተነሳ። ዊሊያም መርፊና ዳን ሎንጎ በ2021 መጨረሻ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከበሽታውም ሆነ ከክትባቱ በኋላ የሚነሱ አንዳንድ ችግሮች ሰውነት በራሱ ከሚሠራው ፀረ ኢዲዮታይፕ ይመጡ ይሆናል ብለው ነበር። ያ መላ ምት ነው። ያኔ በየሰፈሩ «ክትባቱ ውስጥ አሉት» ተብሎ የተወራው ግን ትክክል አይደለም። ክትባቱ ውስጥ ፀረ ኢዲዮታይፕ የለም።

ታዲያ ሞቶ ተቀበረ? የለም። ዛሬ በጣም የሚያጓጓው ሥራ ኤች አይ ቪ ላይ ነው። ኤች አይ ቪን በየዓይነቱ የሚያከሽፉ ኃይለኛ አንቲቦዲዎች አሉ። በ2010 ይፋ የሆነው ቪአርሲ 01 የሚባለው አንዱ ነው። ችግሩ እንዲህ ዓይነቱ አንቲቦዲ የሚጀምረው ብርቅ ከሆነ ያልበሰለ ቢ ሕዋስ ነው። ያ ሕዋስ ደግሞ ገና ጅማሬው ላይ የቫይረሱን ሽፋን ጨርሶ አይዝም። ስለዚህ በቫይረሱ ሽፋን ብንከትብ ተኝቶ ይቀራል፤ ሌሎች ሕዋሶች ይቀድሙታል። ሲያትል ባለው ፍሬድ ሃች ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ገለበጡት። ያንን ሕዋስ ለመቀስቀስ ቫይረሱን ትተው፣ የሕዋሱን የራሱን ጫፍ የሚይዝ ፀረ ኢዲዮታይፕ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ሕዋሱ ይቀሰቀሳል፣ ይባዛል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቫይረሱ የሚመራው። የሰው አንቲቦዲ ጂን በገባላቸው አይጦች ላይ ያ ሕዋስ ሲቀሰቀስ ታይቷል።

ልዩነቱን ያስተውሉ። እዚህ ላይ ፀረ ኢዲዮታይፑ ሙሉ ክትባት ልሁን አላለም። የመጀመሪያዋን ደወል ይደውላል። የቀረውን እውነተኛው አንቲጅን፣ ማለትም አንቲቦዲ የሚይዘው የቫይረሱ ክፍል፣ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቀደም ያልኩት የቲ ሕዋስ ጉድለት እዚህ ያን ያህል አይከብድም። ተፎካካሪ ግን እዚህም አለ። በፕሮቲን ምህንድስና የተቀረጸ፣ ለዚያው ዓላማ የተሠራ አንቲጅን በሰው ላይ ተሞክሮ በ2022 ውጤቱ ወጥቷል። ከተከተቡት 36 ሰዎች በ35ቱ የተፈለገው ዓይነት ሕዋስ ተነስቷል። ፀረ ኢዲዮታይፑ ይህን ይቀድማል ብዬ አልወራረድም። እንዲህ ያለ ብርቅ ሕዋስን ከደም ውስጥ ነቅሶ ለማውጣትና ለመቁጠር ግን እሱን የሚያህል መሣሪያ አላውቅም።

የእኔም እምነት እዚህ ላይ ነው። ፀረ ኢዲዮታይፕን እንደ ክትባት ሳይሆን እንደ መሣሪያ ይዩት። የመድኃኒት ኩባንያዎች ዛሬም በየቀኑ የሚጠቀሙበት ለዚያ ነው። አንቲቦዲ የሆነ መድኃኒት ለታማሚ ሲሰጥ ደሙ ውስጥ ስንት እንደቀረ የሚለኩት ያንኑ መድኃኒት ብቻ በሚይዝ ፀረ ኢዲዮታይፕ ነው።

አሁን ወደ መመረቂያ ጽሑፍዎ። «ለእብድ ውሻ በሽታ ፀረ ኢዲዮታይፕ ክትባት መሥራት» ብለው አያቅርቡ። ክትባት ነው ለማለት እንስሳ ከትበው ሕይወት ያለው ቫይረስ መስጠት ይኖርብዎታል። ያ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያለው ላቦራቶሪ፣ የተከተቡ ሠራተኞችና ረጅም ፈቃድ ይጠይቃል። የማስተርስ ጊዜ አይበቃውም። ይልቁንስ ጠበብ አድርገው ይጠይቁ፦ «ይህ ሁለተኛ አንቲቦዲ የቫይረሱን የላይ ፕሮቲን ቅርጽ ይመስላል ወይስ አይመስልም?» ይህ ጥያቄ ኢሊዛ፣ ማለትም የአንቲቦዲን መያያዝ በቀለም የሚያሳየው ምርመራ፣ ባለበት ቤት ይመለሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛውን አንቲቦዲ፣ ማለትም የአይጡን፣ የላይ ፕሮቲኑን የሚይዘውን፣ ይገዛሉ። ጥንቸል ላይ ከመውጋትዎ በፊት የአንቲቦዲውን ጭራ በኢንዛይም ቆርጠው ያውጡ፤ ሁለት ክንዶቹ ብቻ ይቅሩ። ይህን ካልሠሩ ጥንቸሉ የሚቆጣው በአይጡ አንቲቦዲ ጭራ ላይ ነው፣ ለጫፉ የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። ደሙን ከወሰዱ በኋላም ተራ የአይጥ አንቲቦዲ በተለጠፈበት ኮለም (ማጣሪያ ቱቦ) ውስጥ ደጋግመው ያሳልፉት። ማንኛውንም የአይጥ አንቲቦዲ የሚይዘው እዚያው ይቀራል። አልፎ የሚወጣው ነው የእርስዎ እጩ። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ያቻኩለዋል። ከዚያ ውጤቱ ሁሉ «ያዘ፣ ያዘ» ይሆናል፤ የያዘው ግን የአይጥን ፕሮቲን እንጂ ኢዲዮታይፕን አይደለም።

ቀጥሎ ፉክክሩ ነው። የኢሊዛ ፕሌቱን በአንደኛው አንቲቦዲ ይልበሱት። ሁለተኛውን ከመጠኑ ሳይበዛ ይጨምሩ። ከዚያ በየዌሉ (በፕሌቱ በየጉድጓዱ) የቫይረሱን ፕሮቲን እየጨመሩ ይሂዱ፤ ፕሮቲኑ ብቻውን ይሸጣል፣ ቫይረስ አያስፈልግም። ፕሮቲኑ ሲበዛ ቢጫው እየደበዘዘ ከሄደ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሻሙት። ካልደበዘዘ የያዙት አልፋ ነው፤ እዚያው ይቁም። ጎን ለጎን ቫይረሱን ከማያውቅ ሌላ የአይጥ አንቲቦዲ ጋር አንድ ረድፍ ይሥሩ። እሱ ረድፍ ላይ ቀለም ካዩ ወደ ኮለሙ ይመለሱ።

ደብዝዞ ከተገኘም ገና ቤታ ነው አይባልም፤ ጋማም ይህንኑ ያደርጋልና። የሚለያቸው ሌላ ዝርያ ያለው እንስሳ ነው። ሁለተኛውን ለምሳሌ ጊኒ ፒግ ላይ ወግተው፣ የሚወጣው ሦስተኛ አንቲቦዲ የቫይረሱን ፕሮቲን በራሱ ከያዘ ያኔ ስለ ውስጣዊ ምስል ማውራት ይቻላል። በዚያው በአይጥ ከሞከሩት ግን የአይጥ የራሱ መረብ ነው የመለሰልዎት ተብሎ ይጠየቃል። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ከቫይረሱ ጋር ግንኙነት የሌለው ሁለተኛ አንቲቦዲ የተወጉ እንስሳት ይኑሩዎት። ያለ እነሱ ፈታኙ አያልፍዎትም፤ ትክክልም ነው። ሦስተኛው አንቲቦዲ ቫይረሱን ያከሽፋል ወይ የሚለውን በሕይወት ያለ ቫይረስ ሳይነኩ፣ የላይ ፕሮቲኑን ብቻ በለበሰና መባዛት በማይችል አስመሳይ ቫይረስ መፈተን ይቻላል። ይህን ከአማካሪዎ ጋር ተነጋግረው አኒማል ሀውስና (የሙከራ እንስሳት ማቆያና) ሴል ካልቸር (የሕዋስ ማሳደጊያ) ያለው ቤት ይፈልጉ። እናንተ በኩል ካለው አቅጣጫ ብዙ አይርቅም፤ አለርት ግቢ ጎን አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም አለ፣ ሰበታ ላይ የእንስሳት ጤናው ተቋም አለ። ከመሄድዎ በፊት ፕሮቶኮሉን በአንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ። ባዶ እጅ የሄደ ተማሪ «እስቲ ተመለሺ» ነው የሚባለው።

እንስሳ ማግኘቱ ከከበደዎት ሌላ መንገድ ልጠቁም። ከእብድ ውሻ ይወጣል፤ ዘዴው ግን ያው ነው። አፍላቶክሲን፣ ማለትም የሻጋታ መርዝ። ሰበታና ሱሉልታ ዙሪያ ያሉ የወተት ላሞች ፋጉሎ ይበላሉ። ፋጉሎው ሻግቶ ከሆነ መርዙ በላሟ በኩል አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል። ወተቱን በኢሊዛ ለመፈተሽ ፕሌቱ የሚለበሰው መርዙ በተለጠፈበት ፕሮቲን ነው፤ መርዙን መነካካት ግድ ይሆናል። በሌላ አገር የመርዙን ቅርጽ የያዘ ፀረ ኢዲዮታይፕ በመርዙ ቦታ ተተክቶ ሠርቷል። እዚህ ላይ የቲ ሕዋስ ጣጣ የለም፣ ቫይረስ የለም፣ ሰው የሚወጋው ነገር የለም። ቅርጹ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ፀረ ኢዲዮታይፕ ደግሞ የሚያውቀው ቅርጽን ነው። ወተቱን ከየጊቢው ለመሰብሰብም እርስዎ ካሉበት የተሻለ ቦታ የለም።

የትኛውንም ቢመርጡ አንደኛውን አንቲቦዲ አሁኑኑ ይዘዙ። ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ጉምሩክም ያቆየዋል፣ በበረዶ መቆየቱንም የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ሲደርስ በትንንሽ ቱቦ ይከፋፍሉትና ሁለት ፍሪጅ ላይ ያስቀምጡት፤ አንደኛው ጄኔሬተር ያለው ቤት ይሁን።